የሺን ለማምጣት፦ ከድሬዳዋ ጅቡቲ በአንድ ብስክሌትና በአንድ መንፊያ

ጅቡቲን የምታውቋት ከሆነ ይህን ማስታወሻ ባታነቡትም ምንም አይቀርባችሁም። የጻፍኩት እዚያ ሄደው ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማይሄዱ፣ ግን ልጃቸውን ወይም እህታቸውን ወደዚያ ለላኩ ሰዎች ነው።

ባቡሩ ገና ሰው ይጭን በነበረበት ዘመን ነው። እኔ ድሬዳዋ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ። ልጅ ሳለሁ ከጭነት መኪና ላይ ወድቄ ዳሌዬ ተሰብሯል፤ በደንብ ሳይገጥም ስለቀረም ከአንድ ሰፈር ሌላ ሰፈር በእግሬ ከሄድኩ ሌሊቱን ስቃትት ነው የማድረው። ብስክሌት ላይ ስወጣ ግን ሙሉ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሁሉንም ቦታ የምደርሰው በብስክሌት ነው።

ታናሽ እህቴ የሺእመቤት፣ እኛ የሺ የምንላት፣ ጅቡቲ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በየዓመት በዓሉ ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ ቤት ትደውልና እናታችን በነጠላዋ እየተደናቀፈች ሮጣ ታናግራታለች። በዚያ ዓመት ፋሲካ ስልኩ ሳይጮህ አለፈ። ሰኔ ላይ፣ ፈተና አርመን እንደጨረስን፣ ዘነበች የምትባል ሴት ደወለች። የሺ ከምትሠራበት አጠገብ ያለ ቤት ነው የምትሠራው። «የሺ ታማለች። የሚወስዳት ሰው ቶሎ ይምጣ» አለችና መስመሩ ተቋረጠ።

እናቴ አላለቀሰችም። አልጋዋን ጎትታ ነፋስ ወደሚገባበት መስኮት አስጠጋችና፣ «እዚህ ትተኛለች። ሂድና አምጣልኝ፣ እኔ አስታምማታለሁ» አለችኝ።

ረቡዕ፣ ድሬዳዋ

ብስክሌቱን ይዤ እንደምሄድ ያለ ብዙ ክርክር ወሰንኩ። በማላውቀው ከተማ እህቴን በዚህ እግሬ ስፈልግ መዋሌ አይታሰብም። ችግሩ ቤት ያለኝ መንፊያ በእግር ተረግጦ በሁለት እጅ የሚገፋው ትልቁ ዓይነት መሆኑ ነበር፤ ለመንገድ አይሆንም። ታይዋን ገበያ ሄጄ የብስክሌት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ የተማሪዬ አባት ነው። ሦስት መንፊያ አውጥቶ ደረደረልኝና ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ፣ የምታብረቀርቅ ፕላስቲክ አንስቶ፣ «መምህር፣ ይቺን ፖምፓ ያዝ። ኪስህ ትገባለች» አለኝ።

አፏን በአውራ ጣቴ ደፍኜ ገፋኋት። ጥሩ መንፊያ አፉ ሲደፈን ይቃወማል፤ ሲለቁት እጀታው ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ይቺ በጎኗ ፉሽ ብላ ዝም አለች። ሁለተኛው ጉልበት ነበረው፤ ግን አፉ የተሠራው እንደ መኪና ጎማ ላለ ወፍራም የአየር ማስገቢያ ባልቦላ ነው፤ የኔ ብስክሌት ደግሞ ባልቦላው ቀጭን ነው። አፉ የማይገጥም መንፊያ ይዞ ከመሄድ ዱላ መያዝ ይሻላል። ሦስተኛው ክንድ የሚያህል ብረት ነው፤ ቀለሙ የለቀቀ፣ አጭር የላስቲክ ቱቦው እጀታው ውስጥ የሚከተት። ፈትቼ አየሁት። ውስጡ አየሩን የሚገፋው ክብ ቆዳ ነው። ፕላስቲክ አንዴ ከተበላ ይጣላል፤ ቆዳ ግን ቢደርቅም ዘይት ሲያጠጡት ይመለሳል። እሱን ወሰድኩ።

«አሮጌ ወደድክ» አለኝ ባለሱቁ እየሳቀ።

ማሰሩም ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አሰርኩት፤ ሰፈሩን ስዞር ሲንገጫገጭ ቆይቶ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ከታችኛው ብረት ጋር ባስረው ደግሞ የፊቱ ጎማ የሚያነሳው አቧራ በሙሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በመጨረሻ ከኮርቻው ወደ መሪው ከሚሄደው አግዳሚ ሥር፣ አፉን ወደ ኋላ አዙሬ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ በቆረጥኩት ጥብጣብ ሁለት ቦታ ጠፈርኩት። ላስቲክ ነውና አጥብቆ ይይዛል፤ ስፈልግም ሳብ አድርጌ አወጣዋለሁ። ስነዳ ጉልበቴን እንደማይነካው ግቢው ውስጥ ዞሬ አረጋገጥኩ። እናቴ ደፉ ላይ ቆማ ታየኛለች። «ለአንዲት ልጅ ስንት ነገር ታስራለህ» አለች።

ሐሙስ፣ ባቡር ላይ

ባቡሩ ጎህ ሲቀድ ተነሳ። ፉርጎው በነጋዴ ሴቶችና በጆንያ ስለተጨናነቀ ብስክሌቱን በሩ አጠገብ ከጆንያዎቹ መሐል አጋድሜ አሰርኩት። መንፊያውን ግን አውጥቼ ጃኬቴ ውስጥ ሸጎጥኩት፤ ለባለቤቱ በቀላሉ የሚወጣ ነገር ለሌባም በቀላሉ ይወጣል። ፋጡማ የምትባል ነጋዴ ጆንያዋን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሳምቡሳ አወጣችና ሳትጠይቀኝ ግማሹን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ሽንሌን ስናልፍ ዛፉ ሳሳ። ከአዲጋላ ወዲያ ያለው ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ከሰል ጭኖ ሲሄድ ጆንያው የተቀደደበት ይመስላል። እኛ ድሬዎች ሙቀት እናውቃለን ብለን በደገኛው እንስቃለን። ዓይሻ ስንደርስ እኔም ደገኛ ሆንኩ።

«ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?» አለችኝ ፋጡማ።

«እህቴ ታማብኝ ላመጣት ነው።»

 የውኃ ጀሪካኗን ወደኔ ገፋች። «ጠጣ» አለች። «ጅቡቲ ስትደርስ ሳይጠማህም ጠጣ። እዚያ ሰው ሥራ ላይ ሆኖ ውኃ ይረሳል።»

የተለመደ ምክር መስሎኝ ነበር። ምን ማለቷ እንደነበር የገባኝ ቅዳሜ ነው።

ደወሌ፣ ድንበሩ ላይ፣ ሁላችንም ለፍተሻ ወረድን። ወጣቱ ፈታሽ ደረቴን ሲዳብስ እጁ ብረት ነካ። ወደ ኋላ ዘለለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የብስክሌት መንፊያ።»

«ደረት ውስጥ?»

ፈታው። በአንድ ዓይኑ ቱቦውን አጮልቆ አየ፤ ገልብጦ አራገፈው። ክቡ ቆዳ ከነዘይቱ አሸዋ ላይ ወደቀ። ፋጡማ ከሰልፉ ውስጥ ሆና፣ «አንተ ልጅ፣ የአስተማሪ ዕቃ እንዲህ ይበተናል?» ብላ ጮኸች። ልጁ አፈረና ቆዳውን አንስቶ በሸሚዙ ጠርጎ ሰጠኝ። መልሼ ገጠምኩት፤ ዘይቱ ግን አሸዋው ላይ ቀርቷል።

ጅቡቲ የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ነፋስ ይወርዳል፤ ሰው ወንበር ይዞ ደጅ ይወጣል። ጅቡቲ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሙቀቱ ከመሬት ይነሳል፤ አየሩ ከተዘፈዘፈበት እንደወጣ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል። ጣቢያው በር ላይ ጋሽ ወርቁ ቆመው ይጠብቁኛል። አባታቸው የባቡር መካኒክ ሆነው መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሳቸውም እዚያው ተወልደው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ድሬዳዋ ያለ ዘመዳቸው ነው ያገናኘን። ቤታቸው ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከፊት ትንሽ ሱቅ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል። ባለቤታቸው እትዬ ሮማን ሩዝ በዓሣ አቀረቡልኝና፣ «ብላ ልጄ፣ ነገ ረጅም ቀን ነው» አሉኝ። የተኛነው ጣራ ላይ ነው። እዚያ ጣራ ላይ መተኛት እንደኛ አገር የድህነት አይደለም፤ ባለሀብቱም ጣራ ላይ ይተኛል።

ዓርብ፣ ሄሮን

ጠዋት እንደ ድሬዳዋ ልማዴ ሁለቱንም ጎማ ድንጋይ እስኪሆኑ ነፋሁ። ስህተቴ ይሄ ነበር፤ ቆይቶ ግን ጠቀመኝ።

የሺ የምትሠራበት ቤት ሄሮን ባሕሩ አጠገብ ነው። ሰፈሩ የፈረንሳዮች ዘመን ቤቶች የሞሉበት ነው፤ ሰፋፊ በረንዳ፣ በእንጨት ፍርግርግ የተዘጋ መስኮት። የድሬዳዋውን ከዚራ ሰፈር አሰብኩ፤ የኛ ከዚራ ግን ጥላ አለው፣ ሰው ዛፍ ሥር ቆሞ ያወራል። እዚህ ዛፉ ሁሉ ከአጥር ውስጥ ነው። መንገዱ ላይ ከኔ በቀር ማንም የለም።

ዘበኛው ሽማግሌ ሶማሌ ነው። ድሬ ላደገ ሰው ሶማሊኛ ባዕድ አይደለምና በዚያው ጠየቅኩት።

«የሺ? የለችም» አለኝ።

«የት ሄደች?»

«አላውቅም። ወሰዷት። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ማዳም ተኝታለች። ሌላ ቀን ና።»

ለመንኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በላይ እንዳይናገር የታዘዘ ሰው ፊት ነበረው። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ከዳር ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ ይጠዘጥዘኛል። ፀሐይዋ ወጣች፣ ጥላው ከኔ ላይም ከብስክሌቱም ላይ ሸሸ። ለመሄድ ስነሳ የኋላው ጎማ እንደ ጠመንጃ ጮኸ።

ዘበኛው መሬት ላይ ተኛ። ውሾች ተንጫጩ። ከላይ መስኮት ተከፈተና አንዲት ሴት ብቅ ብላ በፈረንሳይኛ ጮኸች። ጠዋት በቀዝቃዛው ያጠበቅሁት አየር በፀሐይ አብጦ፣ የጎማው ሥጋ በሳሳበት በኩል ካላማዳሪያውን ሰንጥቆት ወጥቷል። ሴትዮዋ ወርዳ በሩ ላይ ስትቆም ዘበኛው የሚዋሽበት ነገር አልቀረም። «የየሺ ወንድም ነው» አላት።

ማዳም ፊቷ ተለዋወጠ። እሷ በፈረንሳይኛ፣ ዘበኛው በሶማሊኛ እየመለሰ፣ እንዲህ ተነጋገርን። የሺ እግሯ ሲያብጥ ከርሞ፣ ልብስ ስትተኩስ ወደቀች። ሆስፒታል አስገቧት። ማዳም የየሺ ቤተሰብ የሰማ መስሏት ነበር።

«ሻንጣዋ እዚህ ነው» አለች።

«እኔ ልውሰድላት።»

ማዳም ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ላቤን፣ የተጣመመ አቋሜን፣ የተነፈሰ ብስክሌቴን። «አንተን አላውቅህም» አለች። «ራሷ መጥታ ትውሰድ።» ለመናደድ አቅም አልነበረኝም። እኔም በሷ ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ይሆናል።

ማዳም ከገባች በኋላ ዘበኛው ሌላ ሰው ሆነ። ጎጆው ጥላ ውስጥ አስገባኝና ሻይ ቀዳልኝ። ጎማውን ፈትቼ ካላማዳሪያውን አወጣሁ። ስንጥቁ ደግነቱ ከጥፍር አይበልጥም፤ ፍቄ፣ ማስቲሽ ቀብቼ ለጠፍኩት። የጎማው የሳሳ ቦታ ላይ ከውስጥ የላስቲክ ቁራጭ ደረብኩበት። ከዚያ መንፊያውን አነሳሁ። ብረቱ ስለጋለ በመሐረብ ጠቅልዬ ነው የያዝኩት። ገፋሁ፤ እጀታው ባዶ ቱቦ ውስጥ እንዳለ ዱላ ያለ ምንም ተቃውሞ ወጣ፣ ገባ። ቆዳው ደርቋል።

«ምን ሆነ?» አለኝ ዘበኛው።

«ዘይት ይፈልጋል።»

ምሳውን ከፈተ። ከሩዙ ሥር የተጠራቀመውን ዘይት በጣቱ ጠርጎ ሰጠኝ። ቆዳውን አሸሁበት፣ ጠርዙን በጣቴ ወደ ውጭ ከፈት ከፈት አደረግኩትና መለስኩት። ትንሽ ቆይቼ ስገፋው መቃወም ጀመረ። አነፋፉን ለማያውቅ ልንገር፦ ባልቦላው ወደ ላይ እንዲሆን ጎማው ይዞራል፤ የቱቦው አፍ በግራ እጅ ከጎማው ብረት ጋር ተጣብቆ ይያዛል፣ አለዚያ በገፉ ቁጥር ባልቦላው ይወዛወዝና ሥሩ ይቀደዳል፤ ቀኝ እጅ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ ይገፋል። አጫጭር ግፊት ክንድ ከማድከም በቀር አየር አያስገባም። በዚህ ጊዜ ግን ጎማው በአውራ ጣት ስጫነው ትንሽ እጅ እስኪሰጥ ብቻ ነፍቼ ተውኩት። በጅቡቲ ቀትር የቀረውን የምትሞላው ፀሐይዋ ናት።

ሆስፒታሉ በር ስደርስ የጠያቂ ሰዓት አልፏል። በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ወደ ካርቲየ 1 ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ሆስፒታል

ከጋሽ ወርቁ ጋር ሄድን፤ ፈረንሳይኛውን እሳቸው እንዲያስረዱልኝ። በክፍሉ ውስጥ በየአልጋው ሴቶች ተኝተዋል። የሺን ፈለግኳት፤ አለፍኳት። ከኋላዬ፣ «ጋሼ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ የሷ ነው፤ ፊቱ ግን የማላውቀው ሰው ነው። ዓይኖቿ በእብጠት ጠበዋል፣ እጇን ስይዘው የጣቴ ምልክት ቆዳዋ ላይ ቀረ።

«በምን መጣህ?» አለችኝ።

«በባቡር። ብስክሌቱንም ይዤ ነው የመጣሁት።»

ሳቀች። «አይ ጋሼ! ባሕር ቢሆን ኖሮም በብስክሌት ነበር የምትመጣው።» ቀጥላ ፊቷን በአንሶላው ሸፈነች። «እማዬ በዚህ ፊቴ እንዳታየኝ። ትንሽ ሲቀልልኝ እንሂድ።»

መቼ እንደጀመራት ጠየቅኳት። ካለፈው በጋ ጀምሮ ነው። ወገቧን ያማታል፣ ሽንቷ ይቀንሳል። ልብስ የሚተኮስበት ክፍል ጣራ ሥር ነው፤ ውኃ ለመጠጣት ሁለት ደረጃ መውረድ አለ፤ ሥራ ሲበዛ አትወርድም። «ሙቀት ነው ብዬ ነው» አለች። ፋጡማ ያለችኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ወርቁን አነጋገራቸው። ረጅም ተናገረ። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

«ኩላሊቷ ደክሟል ይላል።»

«ደክሟል ነው ያለው?»

ወደ ግድግዳው ዞሩ። «አልቋል ነው ያለው፣ ልጄ። ብዙ ቀን የላትም። እናቷ ጋ ውሰዳት ይላል።»

የሚቀጥለው ባቡር ማክሰኞ ነው። እናቴ ያስጠጋችው አልጋ ታየኝ። ማክሰኞ ማታ እዚያ ላይ ካስተኛኋት ሌላ ምንም አልለምንም ብዬ ለራሴ ተናገርኩ።

እሑድ

ከሆስፒታል አውጥተን ጋሽ ወርቁ ቤት አመጣናት። እትዬ ሮማን የራሳቸውን ፍራሽ ለቀቁላት፤ ገላዋን አጠቧት። የሺ ከሰዓት በኋላ ቀና ብላ ተቀመጠችና ሻንጣዋን ጠየቀች። ማዳም ያለችውን ነገርኳት።

«እንሂድና እናምጣው።»

«የሺ፣ ሻንጣው ይቅር።»

«ለእማዬ የገዛሁት ብርድ ልብስ አለበት። ይሄን ሁሉ ዘመን ቆይቼ ባዶ እጄን ፊቷ አልቆምም።»

ጋሽ ወርቁ ታክሲ አቆሙ። የሺ ገብታ በሩ ሲዘጋ የቤንዚኑ ሽታ ከሙቀቱ ጋር አናቷ ላይ ወጣ፤ አስመለሳትና ወረደች። ግድግዳ ይዛ ቆማ ብስክሌቱን አየችው። «እሱ ይሻለኛል። ቢያንስ አየር አለው» አለች። አይሆንም አልኩ፤ ጋሽ ወርቁም አይሆንም አሉ። እትዬ ሮማን ግን ትራስ አምጥተው በሁለት አጥፈው ዕቃ መጫኛው ላይ አሰሩት።

ፀሐይዋ እስክትበርድ ጠበቅን። ለሁለት ሰው የሚነፋ ጎማ ለአንድ ሰው ከሚነፋው ጠንከር ማለት አለበት፤ አለዚያ ብረቱ መሬት እየመታ ካላማዳሪያውን ይቆርጠዋል። ከበዛ ደግሞ ዓርብ የሆነው ይሆናል። ሱቁ ጥላ ውስጥ አስገብቼ ቀስ እያልኩ ነፋሁ፤ የሺ ከኋላ ተቀምጣ፣ ጎማው ከሥሯ ምን ያህል እንደሚተኛ እያየሁ፣ እንደገና ጥቂት ጨመርኩ። የመጨረሻዎቹ ግፊቶች ክንዴን አንቀጠቀጡት። «ድሮ አንድ ጊዜ እንዲህ ስትነፋ ቆይተህ ጣልከኝ» አለችኝ። አስታወስኩ፤ ከፊራ ገበያ አጠገብ ነበር፤ ጉልበቷ ተልጦ ለእማዬ ውሻ አባረረኝ ብላ ዋሸችልኝ።

ነዳሁ። በሁለት እጇ ወገቤን ይዛ ግንባሯን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች፤ የትኩሳቷ ሙቀት በሸሚዜ ዘልቆ ይሰማኛል። ባሕሩ ዳር ስንደርስ ነፋስ መጣ፣ ቀና አለች። ውኃው ርቆ ሸሽቶ ጭቃው ላይ ወፎች ይለቅማሉ። ልቁም ወይ አልኳት። «አትቁም፣ ንዳው» አለች። የቤቱን በር አልፈን እስከ መንገዱ መጨረሻ ወስጃት ተመለስን።

ማዳም ራሷ በሩን ከፈተች። የሺን ስታያት እጇን አፏ ላይ አደረገች። በረንዳው ላይ ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻት፣ ቀዝቃዛ ውኃ በብርጭቆ ሰጠቻት። ማዳም ታወራለች፣ የሺ «ዊ ማዳም፣ ሜርሲ ማዳም» ትላለች። ሻንጣው ወረደ። ስንነሳ የሺ ብርጭቆውን አንስታ፣ ግድግዳ እየተደገፈች፣ ወደ ኩሽናው መሄድ ጀመረች። ልታጥበው ነበር። ማዳም ተከትላ ከእጇ ወሰደችባትና እዚያው ቆማ አለቀሰች።

ሻንጣውን ዘበኛው ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ ካርቲየ 1 ድረስ በእግሩ ከጎናችን ሄደ። ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ።

ሰኞ

ጠዋት ቀልሎኛል አለች። እትዬ ሮማን፣ «ነገ እናትሽ ፊት ፀጉርሽ ተንጨብርሮ አትቀርቢም» ብለው ከኋላዋ ተቀምጠው ይሠሯት ጀመር። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ብስክሌቱን ለባቡር አዘጋጃለሁ። ድምፃቸው ይሰማኛል፤ እትዬ ሮማን ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ፣ የሺ አልፎ አልፎ እህ ትላለች። ከዚያ እህ ማለቷን ተወች። እትዬ ሮማን ትንሽ ጊዜ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ጣታቸው ፀጉሯ ውስጥ እንዳለ፣ ቀስ ብለው፣ «አስቻለው፣ ና ልጄ» አሉኝ። ግማሹ ፀጉሯ ተሠርቷል።

ሌላው ግማሽ እስኪያልቅ ማንም እንዲነካት አልፈቀዱም። ሠርተው ጨረሱላት።

በዚያ ሙቀት ሬሳ አያድርም። ቄሱ መጡ፣ ፍትሐት ተደረገ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ክርስቲያኖቹ መቃብር ወሰድናት። በድሬዳዋ እድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። እዚህ እኔ፣ ጋሽ ወርቁና ጎረቤቶቻቸው ብቻ የምንሆን መስሎኝ ነበር። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ግን ሴቶች ቆመዋል። የሥራ ሽርጣቸውን እንደለበሱ፣ ዘንቢል ይዘው። ዘነበች ነግራቸው፣ ዳቦና ዓሣ ልንገዛ ብለው ከየቤቱ ወጥተው የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ የሺን አያውቋትም። ድምፃቸውን አፍነው ያለቅሳሉ፤ በየመሐሉ አንዷ ሰዓቷን ታይና ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ዘንቢሏ ውስጥ ከታ ትሄዳለች። አፈሩ ተሞልቶ ሳያልቅ ዘነበች ብቻዋን ቀረች። «ቀድሜ መደወል ነበረብኝ» አለችኝ። «እሷ ናት ያልፈቀደችልኝ። እናቴ ትደነግጣለች እያለች።» እሷም ዘንቢሏን አንስታ ሄደች።

ማክሰኞ

እትዬ ሮማን የመንገድ ምግብ ቋጥረውልኛል፤ አልበላሁትም። ጋሽ ወርቁ ብስክሌቱንና የየሺን ሻንጣ ፉርጎው ላይ ራሳቸው አንስተው ጫኑልኝ፣ ጉልበቴን ጨብጠው ወረዱ። ስሄድ የቆጠርኩት ጣቢያ ሁሉ ተመልሶ መጣ። ባለፈው ሐሙስ ምድረ በዳ ያልኩት አዲጋላ አረንጓዴ ሆኖ ታየኝ፤ ዓይኔ ነው እንጂ አገሩ አልተለወጠም።

ድሬዳዋ ሲመሽ ደረስን። ጋሽ በቀለ ጣቢያው ላይ ይጠብቁኛል፤ ጋሽ ወርቁ ደውለውላቸዋል። እጄን ይዘው፣ «ዛሬ ወደ ቤትህ አትሄድም። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፣ ታውቃለህ» አሉኝ። በጓሮ በር አስገቡኝ። የኛን ግቢና የሳቸውን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። እራት ቀርቦልኝ ሳልነካው ከወዲያ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። የጎረቤት ሴት መጥታ ነበር መሰለኝ።

«ባቡሩ ሳይዘገይ አይቀርም» ትላታለች እናቴ። «አጃ አፍልቼላት ነበር፣ ቀዘቀዘ። ምናለ፣ ነገ ትኩስ አፈላላታለሁ።»

አፌን በእጄ ያዝኩ። ጋሽ በቀለ ተነስተው ራዲዮኑን ከፈቱ።

ረቡዕ፣ ማለዳ

ሽማግሌዎቹ፣ ቄሱ፣ የእድር ሰዎች በጋሽ በቀለ ግቢ ተሰበሰቡ። እኔን ከኋላ አድርገው ሄድን። ጋሽ በቀለ ሳያንኳኩ እናቴ በሩን ከፈተችው፤ የሰው እግር ሰምታ ነው። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ለየሺ የለበሰችው ነው። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየች፣ ቄሱን አየች። ከሁሉ በኋላ እኔን አገኘችኝ።

«አስቻለው» አለች። «ደክማ ነው አይደል፣ ከኋላ የቀረችው?»

 ጋሽ በቀለ እጇን ሊይዙ ሲጠጉ ወደ ጎን ገፋ አደረገቻቸው፤ እየጋረዷት ስለነበር። በሩን በአንድ እጇ እንደያዘች፣ ከትከሻችን በላይ፣ መንገዱን ማየት ጀመረች።